ጅማን እስከ ምሳ ለጨረሱልን ምስጋና

ባለፈው ቅዳሜ ዐሥር ሰዎች በአንድ ሚኒባስ መጥተው ጅማን እስከ ምሳ ሰዓት ጨርሰዋት ሄዱ። «ጨረስናት» ያሉት እነሱ ናቸው፤ እኔ እዚሁ ተወልጄ ከዐርባ ዓመት በላይ ስኖር የፈረንጅ አራዳን የጓሮ መንገዶች እንኳ ገና አልጨረስኩም። ይህን ሁሉ ዘመን ያባከንኩት ዘዴውን ባለማወቄ መሆኑን የተረዳሁት አሁን በመሆኑ፣ ዐይኔን ለገለጡልኝ ሰዎች በአደባባይ ምስጋና ማቅረብ ግዴታዬ ነው።

አንባቢዬ እነዚህን ሰዎች ያውቃቸዋል። ከመኪና ሲወርዱ ከእግራቸው በፊት ስልካቸው ይወርዳል፤ የቦታውን ስም የሚጠይቁት ቦታውን ከለቀቁ በኋላ ነው፤ «እንዴት ነበር?» የሚላቸው ሰው ሲገኝ «አይተነዋል» ብለው ይመልሳሉ፤ ጥያቄው እንዴት እንደ ነበረ እንጂ ማየታቸውን እንዳልነበረ ግን ልብ አይሉም። አንዳንዶቹ ተመሳሳይ ካናቴራ ለብሰውና ድምፅ ማጉያ ጭነው ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳሉ፤ የጊቤን ቁልቁለት የሚያልፉት ተኝተው ነው፤ የሚነቁት ምሳ የት እንደሚበላ ለመከራከር ነው። የቅዳሜዎቹ ግን ከእነዚህ አንድ ደረጃ ከፍ ያሉ ናቸው፤ ጥበቡን የተማሩት ከባሕር ላይ ነውና።

የቡድኑ መሪ የአማቴ የእህት ልጅ ነው። ብዙ ዓመት በውጭ አገር የኖረ፣ አምና ከእነዚሁ ወዳጆቹ ጋር በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ የሁለት ሳምንት የመርከብ ሽርሽር ያደረገ ሰው ነው፤ ከዚያ ወዲህ የትኛውንም አገር የሚያየው ከመርከብ እንደ ወረደ መንገደኛ ሆኖ ነው። የሽርሽሩን አሠራር ዐርብ ማታ በእራት ላይ በዝርዝር አስረድቶናል። መርከቡ ሌሊቱን ሲጓዝ ያድርና ጎህ ሲቀድ አንድ ወደብ ላይ ይቆማል። ትልልቆቹ መርከቦች በሺህ የሚቆጠር ሰው ይይዛሉ፤ ከ7,000 መንገደኛ በላይ የሚጭንም አለ፤ ይህ ሁሉ ሰው ቁርሱን በልቶ ይወርዳል። ለቀን ጉብኝት የከፈለው ሁሉ ደረቱ ላይ የአውቶቡስ ቁጥር ይለጠፍበታል፤ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ይሰካለታል፤ ከዚያም ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ከፍ አድርጋ የያዘች አስጎብኚ ትከተላለህ ይባላል፤ ይከተላል። ማታ ተቆጥሮ ይመለሳል።

«ሮምን በአንድ ቀን አየናት» አለን፤ እኛም ተደነቅን። ዝርዝሩን ስንጠይቀው ግን አድናቆታችን እጥፍ ሆነ። መርከቡ የቆመው ሮም አልነበረም፤ ቺቪታቬኪያ በምትባል፣ ከሮም ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ በምትርቅ የወደብ ከተማ ነው። በአውቶቡስ መሄጃው አንድ ሰዓት ተኩል፣ መመለሻው አንድ ሰዓት ተኩል፤ ለምሳ አንድ ሰዓት፤ አንዲት የጠፋች ሴትዮ እስክትገኝና ዐርባው ሰው መጸዳጃ ቤት ተሰልፎ እስኪወጣ ድረስ ሌላ አንድ ሰዓት። ለሮም የተረፋት አራት ሰዓት ነው። ሮም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ753 ተቆረቆረች ስለሚባል፣ ከ2,700 ዓመት በላይ ያስቆጠረችውን ከተማ በ240 ደቂቃ ማካፈል ነው፤ በየደቂቃው ከ11 ዓመት በላይ ይደርሳል። ኮሎሲየምን ያዩት በአውቶቡሱ መስኮት ነው፤ እሱ ግን ተቀምጦ የነበረው በማዶኛው በኩል ስለሆነ ያየው የጎረቤቱን ስልክ ነው። በማግስቱ ከሊቮርኖ ወደብ ተነሥተው ፍሎረንስንና ፒዛን በአንድ ቀን ጠቅልለው ጨርሰዋል፤ ፒዛ ላይ ዐሥሩም ተራ በተራ ዘንባላውን ግንብ በመዳፋቸው ደግፈው ፎቶ ተነሥተዋል። ፎቶዎቹን ዐሥሩንም አሳይቶናል።

ከሁሉ ያስገረመኝ ሕጉ ነው። ጉብኝቱን ከመርከቡ የገዛ ሰው አውቶቡሱ ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቀዋል፤ በራሱ እግር ከተማውን ላይ ብሎ የወጣ ግን ከዘገየ መርከቡ ጥሎት ይሄዳል። እንዲህ ዘግይተው በወደቡ ላይ የሚሮጡትን ሌሎቹ ከላይ፣ ከሰገነታቸው ሆነው እያጨበጨቡ ያዩዋቸዋል። «ለምን ዘገዩ?» አልኩት። «አንዳንዱ ቦታው ጥሞት ይሆናላ» አለኝ፤ በማዘን ራሱን እየነቀነቀ።

እንግዲህ ጅማ በዚህ ጥበብ የተጎበኘችው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሹፌሩ ደውሎ ጠራኝና አብሬያቸው ወደ ጅሬን ወጣሁ። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ኮረብታ ላይ ነው፤ የእንጨት ሥራው፣ ሰገነቱ፣ በግቢው ያለው መስጊድ፣ ከሥር የተዘረጋችው ከተማ ሁሉም በእርጋታ ለሚያይ ሰው የተቀመጡ ይመስላሉ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ነግሠዋል፤ ለምኒልክ እየገበሩ የውስጥ አስተዳደራቸውን በእጃቸው አቆይተዋል፤ ከሸዋም ከጎጃምም የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ሂርማታ ገበያ ወርዶ፣ ሸጦና ለውጦ፣ ከብቱን አሳርፎ ሳምንታት የሚቀመጠው በእሳቸው ጥላ ሥር ነበር። ሽማግሌው አስጎብኚያችን ይህን ማውራት እንደ ጀመሩ የቡድኑ ሰዓት ጠባቂ (እያንዳንዱ ቡድን አንድ አለው፤ ይህ ሰው ሥራው በበዓል ቀን እንኳ አይቋረጥም) ጣቱን አንሥቶ «አባቴ፣ በአጭሩ» አላቸው። ሽማግሌው በአጭሩ አሉ። ጠቅላላው ዐሥራ አንድ ደቂቃ ወሰደ። ሃምሳ አራት የንግሥና ዓመት ለዐሥራ አንድ ደቂቃ ሲካፈል በየደቂቃው አምስት ዓመት አይሞላም፤ ሮም በየደቂቃው ዐሥራ አንድ ዓመት እንደ ደረሳት ስናስታውስ፣ ከተማችን ከሮም ከእጥፍ በላይ በእርጋታ መታየቷን አውቆ መኩራት የሁላችንም ፈንታ ነው። ከዚያም ዐሥሩም ተራ በተራ መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ቤተ መንግሥቱን ደግፈው ፎቶ ተነሡ። ቤተ መንግሥቱ እንዳልዘመመ ልነግራቸው አስቤ ነበር፤ ደስታቸውን ማበላሸት አልፈለግሁም።

እውነቱን ለመናገር እኔም ብሆን ልጆቼን ወደ ጅሬን የወሰድኳቸው ትምህርት ቤት የቤት ሥራ ሲሰጣቸው ነው። ዝም ብዬ አብሬ የዞርኩትም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ወደ ቦዬ ረግረግ የሄድነው ጉማሬ ለማየት ነበር። አራት ደቂቃ ተፈቀደለት። ጉማሬው ፕሮግራሙ ስላልደረሰው ሳይወጣ ቀረ፤ ቡድኑም በውሃው ላይ የታየውን አንድ ጥቁር ነገር በሙሉ ድምፅ ጉማሬ አድርጎ ቀርጾ ተነሣ።

በመካከል በርጩማ ከሚሠራ ሰው ዘንድ ቆመን ነበር፤ እዚህ ላይ ምስጋናዬን ለጥቂት መስመር ላቋርጥ። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈል ነው፤ መገጣጠሚያ የለውም፤ መቀመጫውም ሦስቱም እግሮቹ አንድ እንጨት ናቸው፤ አንድ የተሳሳተ ምት የቀናት ድካም ያበላሻል። ሰውየው መሮውን አስቀምጦ ተነሣ፤ «ያንን አውርድልን፣ ይህን አዙርልን» ሲሉት ዐሥራ አራት በርጩማ ከመደርደሪያው አወረደ፤ ሴቶቹ እየተቀያየሩ ተቀመጡበት፤ አንዱ ዋጋ ጠየቀ፤ ሰውየው ነገረው፤ ጠያቂው ሳቀ፤ «ሻንጣ ውስጥም አይገባ» ተባለና ሁሉም ወደ መኪናው ዞረ። ይህን እንኳ እችለው ነበር። ግን ከመካከላቸው አንዷ ተመልሳ በተቀመጠችበት በርጩማ ላይ አንዲት የብር ኖት ጣል አድርጋ ሄደች፤ በእጁ አልሰጠችውም፤ ፊቱንም አላየችም። ይህ ሰው ለማኝ አይደለም! ባለሙያ ነው! ሥራውን አስፈትታችሁ፣ ዕቃውን አስወርዳችሁ፣ ገበያተኛ መስላችሁ ለፎቶ ጌጥ አድርጋችሁት፣ በመጨረሻ ምጽዋት መወርወር ስድብ ነው፤ ስድብ መሆኑን ሰውየው ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ ያላወቃችሁት እናንተ ብቻ ናችሁ። ቬኒስ እንዲህ ባለው እንግዳ ተማርራ ነው ትልልቅ መርከቦች ከነሐሴ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመሐል ከተማዋ እንዳያልፉ የተከለከለው፤ አድረው ሳይሆን ለቀን ብቻ ከሚመጡት ጎብኚዎችም በተመረጡ ቀናት 5 ዩሮ ማስከፈል የጀመረችው ከሚያዝያ 2024 ወዲህ ነው። ቁርሱንና እራቱን መርከቡ ላይ በልቶ፣ አልጋው መርከቡ ላይ ሆኖ፣ ከተማውን እንደ ግድግዳ ሥዕል ተደግፎ ፎቶ የሚነሣ ሰው ለከተማው የሚተወው ኮቴውን ብቻ ነው። ሰውየው ኖቱን አላነሣትም። በርጩማዎቹን አንድ በአንድ ሲመልስ አገዝኩት፤ አንድ ቃል አልተናገረኝም።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ፤ ዋናው ገና አልተነገረምና።

ከቦዬ ስንመለስ ሰዓቱ ለአምስት ዐሥር ጉዳይ ነበር። የቡድኑ መሪ «አሁን አክስቴ ቤት፤ ቡና» አለ። አማቴ በበኩላቸው ቡናው ለዐሥራ አንድ ሰዓት እንደ ተቀጠረ ከዐርብ ጀምሮ ነግረውን፣ ጎረቤቱንም በዚሁ ሰዓት ጠርተው ነበር። «ቡናው እኮ ዐሥራ አንድ ሰዓት ነው» አልኩት። «አዎን፣ ዐሥር ደቂቃ ቀረው» ብሎ የእጁን ሰዓት አዞረልኝ። እውነትም ዐሥራ አንድ ሊሆን ዐሥር ደቂቃ ይቀረዋል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር። ሰውየው ቅር አላለውም፤ መርከብ ላይ «የመርከብ ሰዓት» የሚባል እንዳለ፣ መንገደኛው የወረደበት አገር ሰዓት ምንም ቢል በመርከቡ ሰዓት መመለስ እንዳለበት አስረዳኝ። ጅማም ለአንድ ቀን ሰዓቷን ብታስተካክል ምን ነበረበት?

አማቴን ያገኘናቸው ጎመን ሲቀነጥሱ ነው። ቄጤማው አልተጎዘጎዘም፤ የዳቦው ሊጥ ገና ኩፍ አላለም፤ ጥሬው ቡና በሰፌድ ላይ ሳይለቀም ተቀምጧል። ደንግጠው ተነሡ፤ ሁሉንም አገላብጠው ሳሙ።

«አክስቴ፣ ሃያ ደቂቃ አለን» አለ።

«ለምኑ?»

«ለቡናው።»

«ሃያ ደቂቃማ ከሰሉ እስኪያያዝ ነው፤ ከዚያስ?»

ከዚያማ ጉባኤ ተጀመረ። ከቡድኑ አንድ ስሌት የሚወድ ሰው ቡና ሦስት ጊዜ እንደሚጠጣ ከሆነ ቦታ አስታወሰ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ሦስቱን ተራ በተራ መጠበቅ የጊዜ ብክነት ስለሆነ በሦስት ጀበና ጎን ለጎን ይፈላ አለ። አማቴ አንድ ጀበና ብቻ እንዳላቸው ሲነግሯቸው ሁሉም አዘኑላቸው። እሱ ግን አልተበገረም፤ ዐሥር ሰው በሦስት ሲባዛ ሠላሳ ሲኒ ያስፈልጋል፣ ረከቦቱ ላይ ያለው ዐሥራ ሁለት ነው፣ የጎደለው ዐሥራ ስምንት በውሃ ብርጭቆ ይሟላ የሚል ሐሳብ አቀረበ። አንዲት ዓይናፋር ሴት በረካ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀች፤ በረከት ነው ተባለች፤ «ታዲያ ዋናው እሱ ከሆነ ለምን ከበረካው አንጀምርም?» አለች። አማቴ የያዙትን ሰፌድ አስቀምጠው ለጥቂት ጊዜ ትኩር ብለው አዩዋት። በቀናነት መጠየቋን ሲረዱ «የኔ ልጅ፣ በረካ የሚወጣው ከአቦል ነው» አሏት። ልጅቱም «ውይ» አለች፤ በዕለቱ ከተናገሩት ሁሉ ጤነኛዋን ቃል ያወጣችው እሷ ናት።

ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ከሰሉ ተያያዘ። ስምንተኛው ላይ ቡናው ታጥቦ ምጣዱ ላይ ወደቀ። እዚህ ላይ ሁሉም ተነሥቶ ዙሪያውን ከበበ፤ ለሳቸው የቀረ አየር ስላልነበረ አማቴ የሚቆሉት በአሥር ስልክ ጥላ ሥር ነበር። ቡናው መንጣጣት ጀመረ፤ መልኩ ጠቆረ፤ ወዙ ወጣ፤ ምጣዱን አንሥተው ጭሱን ለእንግዶቹ ሊያሸትቱ አዞሩ። እንግዳ በዚህ ጊዜ ጭሱን በእጁ ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ ያመሰግናል። የእኛ እንግዶች ግን ስልካቸውን ወደ ጭሱ አቀረቡ፤ የስልኮቹ አፍንጫ ብዙ እንዳልሆነ መገመት ይቻላል። ከዚያም አንዱ በትሕትና «እማማ፣ ጭሱ ቪዲዮው ላይ በደንብ አልወጣም፤ ከመጀመሪያው ይደግሙልናል?» አላቸው።

አማቴ በሕይወታቸው ብዙ ነገር ተጠይቀዋል፤ የተቆላ ቡና መልሰው ጥሬ እንዲያደርጉ ሲጠየቁ ግን ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

ዐሥራ አራተኛው ደቂቃ ላይ ሙቀጫው ውስጥ ገባ። ዘነዘናው መምታት ሲጀምር ሰዓት ጠባቂው በየደቂቃው መቁጠር ጀመረ፤ «ስድስት ቀረን፣ አምስት ቀረን»፤ አማቴም ሳያውቁት ከእሱ ቁጥር ጋር እየመቱ ይሄዱ ነበር፤ ከውጭ ለሰማ ሰው ሰልፍ ይመስላል። ዐሥራ ስምንተኛው ላይ ጀበናው እሳት ላይ ወጣ። ሃያኛው ላይ ስልኮቹ ሁሉ በአንድነት ጮኹ፤ ዐሥሩም የማንቂያ ደወል ሞልተው ነበር።

እነሆ የጥበቡ ጫፍ፤ ጀበናው ገና አልፈላም፤ ሰዓቱ ደግሞ አልቋል። ተራ ሰው ቢሆን ወይ ይጠብቅ ነበር፣ ወይ አዝኖ ይሄድ ነበር። እነሱ ግን ረከቦቱን ከበው ቁጭ አሉ፤ ባዶ ባዶውን ሲኒ አነሡ፤ ከንፈራቸው ላይ አስጠግተው ዐይናቸውን ጨፈኑ፤ ሹፌሩ ቀረጻቸው። «እንደገና፤ አንተ ሲኒው ውስጥ አትመልከት፣ ባዶ መሆኑ ይታወቃል» ተባባሉ። አንደኛው ከባዶው ሲኒ ፉት ብሎ «ኧረ ይህ ቡና!» ሲል እኔ ራሴ ለአፍታ ወደ ጀበናው ተመለከትኩ። አማቴ ከተቀመጡበት አልተነሡም፤ ባህላቸው ስለማይፈቅድ እንግዳ ባዶ እጁን አልሸኝም ብለው፣ ዳቦው ስላልደረሰ ቆሎ በየእጃቸው ጨመሩላቸው። ተቀበሉ፤ እሱንም ቀረጹ፤ ሄዱ። ጀበናው የገነፈለው ሚኒባሱ ከበሩ በወጣ በሰባተኛው ደቂቃ ነው።

የቡና ዛፍ ተተክሎ ፍሬ ለመስጠት ሦስት አራት ዓመት ይወስዳል። አበባው ከፈካ በኋላ ፍሬው ቀይ እስኪሆን ስምንት ወር ገደማ ይጠበቃል፤ ከዚያ ይለቀማል፣ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ለሳምንታት ይደርቃል፣ ይፈለፈላል። ከዚህ ሁሉ ዓመት ቀርቶ የነበረው ሰባት ደቂቃ ነው። ከእኛ ዘንድ እስከ አጋሮ፣ ከአጋሮ እስከ ጮጬ የቡና መገኛ ነን ብለን የምንኮራው፣ ወደ ቦንጋ ያሉት ደግሞ እኛ ነን የሚሉን፣ ይህን ክርክር ስንት ዘመን የያዝነው በከንቱ ነበር፤ ነገሩን በባዶ ሲኒ መፍታት ይቻል ኖሯል።

ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ፤ አባራም። በዐሥራ አንድ ሰዓት፣ በእኛው ዐሥራ አንድ ሰዓት፣ ጎረቤቱ እንግዳውን ሊጠይቅ ተሰበሰበ። እንግዳው ግን ቦንጋ ደርሶ ነበር። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፤ ዳቦው ወጥቷል፤ አማቴ ሁለተኛ ቡና ቆልተው አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እየተቀዳ ነው። የእንግዶቹን ነገር ያነሣ ሰው አልነበረም፤ አንዲት ጎረቤት ብቻ «ልጁ ከሳ ወይስ ወፈረ?» ብላ ጠየቀች፤ አማቴ ለመመለስ ትንሽ አሰቡና «እኔ እንጃ» አሉ።

ስልኬ ጠራ። የእህታቸው ልጅ ነው። ከጀርባው የሙዚቃና የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል።

«ስማ፣ ፎቶዎቹን እየለጠፍን ነው። የዚያ ንጉሥ ስም ማን ነበር?»

የንጉሡን ስም ነገርኩት። «አንዴ ቆይ» አለና ለሌላ ሰው ደግሞ ሲነግረው ሰማሁ፤ ያ ሰው «ጅፋር በምን ጀ ነው?» ሲል ይሰማኛል።

«ማነው?» አሉ አማቴ ሲኒ እየዘረጉልኝ።

«የእህትዎ ልጅ ነው።»

«በረካው ደርሷል በለው።»